የመቃብሩ ክዳን

ሠዓሊዋ የፈረሰው የጥንት መቃብር ድሮ ምን ይመስል እንደነበር እየሣለች ነው። ግድግዳዎቹን በወረቀቷ ላይ መልሳ አቁማቸዋለች፤ የቀራት ክዳኑ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ሳይፈርስ ያዩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ክዳኑ ምን ነበር?»

ሽማግሌው ፈራ ተባ አሉ። «እንጨት። ምስጥ በላው።»

«ሦስት ሺህ ዓመት ጠብቆ እርስዎ ሲመጡ በላው?» ብላ ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። ክዳኑ ያለበት ከታወቀ የቅርስ ሰዎች በመኪና ጭነው ይወስዱታል ብለው ነው የሚሰጉት። ውሸቱ እንዳላዋጣ ሲያዩ ግን ከዘራቸውን አንስተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መሯት። እዚያ አንዲት አጭር ጉብታ ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል።

«ለኪው ልጄ፤ ብቻ እንዳታስነሺብኝ» አሉ። «ሴት ልጄ አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ጅብ እንዳያወጣብኝ ብዬ በበሬ ጎትቼ የጫንኩባት ነው።»