አሥራ ስምንቱ የት ይግባ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። እግሩ የበረደው ወደ ማሞቂያው ይዘርጋ። ዶሪን ሳትደርስ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እሷ ባለችበት አይወራም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እዚሁ የጊልበርት ምድር ቤት ውስጥ፣ ይህንኑ ጠረጴዛ አራት ሆነን ከብበነዋል። ቨርን ሦስቱን ዳይሶች፣ ባለቁጥር ጠጠሮቹን፣ በመዳፉ ውስጥ እያንቀጫቀጨ ነው። በጨዋታው የሚጫወተው አስማተኛ በቀስት ተወግቶ ስለሞተበት አዲስ ሰው መፍጠር አለበት። እናንተም ትናንት አድርጋችሁታል፤ ስድስት ጊዜ ትወረውሩና የወጣላችሁን ድምር ለጉልበት፣ ለቅልጥፍና፣ ለጤና፣ ለአእምሮ፣ ለማስተዋል፣ ለሞገስ ታከፋፍላላችሁ።

ሐሙስ ዕለት ቨርን ሚልዋኪ ከተማ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ሲገባ ጊልበርት፣ "እሺ፣ እንዴት ነው?" አለው።

"ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር" አለ።

እኛ ጋ ይህ ከተባለ ሌላ አይጠየቅም። ሲነክሱት ጥርስ ላይ ሲጥ የሚለውን የአገራችንን ትኩስ አይብ ወደ እሱ ገፋንለት። አልነካውም።

ወረወረ። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት።

ጊልበርት ከወንበሩ ተነሳ። "አሥራ ስምንት! አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የት ደብቀኸው ነው?"

እኔም ጨዋታውን የምመራ ሰው መሆኔን ረስቼ አጨበጨብኩ። ቨርን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አስማተኛ ብቻ ነው የተጫወተው፤ አንድ ቀን እንኳ አሥራ ስምንት ወጥቶለት አያውቅም።

ዶሪን እርሳስ አቀበለችው። "አእምሮ ላይ ጻፈው፤ ቶሎ በል፣ ሳይተንብህ።" ዶሪን ዕድሜዋን ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ የኖረች ናት፤ ያለቦታው የገባ ነገር ስታይ ያማታል።

ቨርን አጎነበሰ፤ ቀስ ብሎ ጻፈ። ዶሪን ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረችው።

"ምንድን ነው ይሄ? ጤና፣ አሥራ ስምንት። አእምሮ… ዘጠኝ? ቨርን፣ አስማተኛ ነው ወይስ በሬ ነው የፈጠርከው?"

"አስማተኛ ነው።"

"በዘጠኝ አእምሮ ሻማ ይለኩሳል፣ የተቆለፈ በር ይከፍታል፣ አለቀ! እሳቱን አይማር፣ መብረቁን አይማር። ይሄ ይጠፋሃል?"

"የፊተኞቹ አእምሮ ነበራቸው። ሲሞቱ አይተሻል።"

"ያለፈውማ" አለ ጊልበርት፣ "ቀስቱ ሳይነካው በነፋሱ ነው የወደቀው።"

ሳቅን። ቨርንም ሳቀ፤ ሳቁን ግን ሳል ቆረጠው፤ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቅን።

"ዶሪን" አለ፣ "እሳቱን የሚማረው መቼ ነው?"

"ታውቀው የለም እንዴ።"

"ንገሪኝ እስቲ።"

እንደምታውቁት ሐይቁ በረዶ ሲይዝ እንጀምራለን፣ በረዶው ሲቀልጥ እናቆማለን። አስማተኛ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ዶሪን በጣቷ አሰበች። "በደንብ ከተጫወትን፣ ከዘንድሮው ጋር ሐይቁ ሦስተኛ በረዶ ሲይዝ።"

"እንግዲያው አሥራ ስምንቱን እዚያ ምን ላድርግበት?" አለ ቨርን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለእኔ ሻማ መለኮሱ ይበቃኛል። ይሄኛው በረዶ እስኪቀልጥ ሳይሞት ቢቆይልኝ ነው የምፈልገው።"

የጊልበርት እጅ አይቡ ሳህን ውስጥ እንደገባ ቀረ።

ዶሪን ላጲስ አነሳች። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ሁለቱንም ቁጥር ፈገፈገችና እርሳሱን መልሳ ጣቶቹ መሃል አስገባች።

"አሥራ ስምንቱን አእምሮ ላይ ጻፍ።"

"ዶሪን…"

"ጻፍ አልኩህ! በሦስተኛው በረዶ እሳቱን እኔ እለቀዋለሁ። ልክ እንዳንተ፣ እጄን እንደ እብድ እያወናጨፍኩ። ጊልበርት ከፈለገ ይሳቅብኝ።"

"አልስቅም" አለ ጊልበርት።

በዚህ ጠረጴዛ ግን በሞት የሄደን ሰው አስማተኛ ይሁን ወታደር ሌላ ሰው ተጫውቶት አያውቅም። መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ የቆመውን የብረት ካህን ታዩታላችሁ? አብሮን ይጫወት የነበረው የኤርሊንግ ነው። ኤርሊንግን ከቀበርንበት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጨዋታውን የምመራው እኔ ስለሆንኩ ሕጉን መለወጥም የእኔ ነበር።

"ይቻላል" አልኩ።

ቨርን አሥራ ስምንቱን አእምሮ ላይ ጻፈ። ከዚያ ዘጠኙ ላይ እርሳሱ ቆመ። "ጤናው ዘጠኝ ሆነ እኮ። በመጀመሪያው ቀስት ነው የሚወድቀው።"

ዶሪን አውራ ጣት የምታክለዋን ጋሻ ያዥ የብረት ወታደሯን አንስታ ከቨርን አስማተኛ ፊት አቆመቻት። ራቀባት መሰለኝ፣ እንደገና ጠጋ አደረገቻት፤ የጋሻው ጥላ የትንሹን ሰውዬ ባርኔጣ እስኪሸፍነው ድረስ።

በረዶው ሲቀልጥ ቨርን አልነበረም። አስማተኛው ግን ይኸው፣ እንደቆመ ነው፤ እሷም ከፊቱ ናት።

መኪናዋ ቆመ። ከጫማዋ በረዶ ስታራግፍ ይሰማችኋል? ዛሬ ሐይቁ ሦስተኛ በረዶውን ይዟል። እሳቱን ልትለቅ እጇን ስታወናጭፍ ብትስቁ አይከፋትም፤ እሱም ሲያደርገው እንስቅበት ነበር። ብቻ የማን እጅ እንደሆነ አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።