የሀጂ ኸድር ጡረታና የቲጃኒ ሽንኩርት

የሱዳኗ አትባራ ከተማ ላይ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ ሁሉ ጡረታውን በአምስት ቀን ይጨርሳታል። ሀጂ ኸድር ግን የታወቁ ቆጣቢ ስለሆኑ ስድስተኛው ቀን ላይ ያደርሷታል። የቀረውን ሃያ አራት ቀን አላህ ያውቃል።

በዚያ ዓመት ሬዲዮው አንድ ደግ ወሬ ይዞ መጣ። የገበያ ዋጋ በየወሩ ይመዘገባል፤ እስከ ረመዳን እጥፍ ከሆነ ጡረታም እጥፍ ይሆናል አለ። ሀጂ ኸድር የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ኑሮ ውድነትን ሲረግሙ የኖሩ ሰውዬ፣ በዚያች ደቂቃ ታረቁት።

«ሲት አልባናት» አሏት ሚስታቸውን፣ «ሽንኩርት ስንት ገዛሽ ዛሬ?»

«ኪሎውን አራት መቶ ፓውንድ።»

«አራት መቶ ብቻ?»

ሲት አልባናት ፀሐይ መትቷቸው እንደሆነ ብላ ግንባራቸውን ዳሰሰች።

በማግስቱ ገበያ ሲወርዱ የሽንኩርት ነጋዴው ቲጃኒ ሱቅ ደጃፍ አንድ ጎልማሳ ደብተር ዘርግቶ ቆሟል። ጀለቢያው ከመንጣቱ የተነሳ ዝንብ እንኳ እግሯን ሳትጠርግ አታርፍበትም። የሽንኩርት ዋጋ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሳይገዛ ሄደ።

ጠይቆ፣ ጽፎ፣ የማይገዛ ሰው መንግሥት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ሀጂ ኸድር ባለሱቁን ጥግ አስያዙት። «ስንት አልከው?»

«አራት መቶ ነዋ ሀጂ። እውነቱን።»

«እውነት ማን ጠየቀህ? አባትህ ከእኔ ጋር አይደለም እንዴ ባቡር ሲጠግን የኖረው? የእሱ ጡረታ እጥፍ ቢሆን ያሳክክሃል?»

ቲጃኒ አሰበበት። አባቱን የሚቀልበው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ወር ሰውዬው ሲመጣ ቲጃኒ ስድስት መቶ አለ። ሰውዬው እስክሪብቶውን አነሳ። «በስድስት መቶ ሰው ይገዛል?»

ሀጂ ኸድር በአጋጣሚ እዚያው ነበሩ፤ ከንጋት ጀምሮ በአጋጣሚ እዚያው ነበሩ። «ምን ነካህ ልጄ፣ ተሰልፈው ነው እንጂ። እኔ ራሴ ሦስት ኪሎ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ዘይትና ስኳርስ አትጽፍም?» አለው ቲጃኒ።

«ለጊዜው ሽንኩርት ይበቃኛል።»

«አየህ» አሉ ሀጂ ኸድር ሰውዬው ሲሄድ፣ «አንዱን ነገር በደንብ የሚሠራ ሠራተኛ። እንዲህ ያለ መንግሥት ነው እኛ የምንሰድበው።»

በሦስተኛው ወር ቲጃኒ ደፈረና ዘጠኝ መቶ አለ። ሰውዬው ሳቀ። «ትቀልዳለህ አንተ ዞል፣ አንተ ሰውዬ።»

ቲጃኒ መዋሸቱን እንጂ ውሸታም መባሉን አይወድም። ደሙ ፈላ። «ከዘጠኝ መቶ አንዲት ፓውንድ አጉድዬ ብሸጥ ሚስቴ የተፈታች ትሁን።»

ሰውዬው ሳቁን ትቶ ጻፈ። በፍቺ የተማለ መሐላ አይመለስም። የቲጃኒ ሚስት ደግሞ አምስት ወንድሞች አሏት፣ አምስቱም ግመል አራጆች ናቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቲጃኒ ሽንኩርት እውነተኛ ዘጠኝ መቶ ሆነ። ጎረቤት ሱቆችም እሱ ሚስቱን አስይዞ የሚሸጠውን እኛ ምን በወጣን በርካሽ እንሸጣለን አሉና ተከተሉት።

ሳምንት ሳይሞላ ቲጃኒ ሲያለቃቅስ ተገኘ። «ሀጂ፣ ሽንኩርት የሚልክልኝ አዲሱ አከፋፋይም በስልክ ደውሎ ጨመረብኝ። ከትርፌ ምንም አልቀረልኝም።»

«ይጨምር። ሁሉም ይመዘገባል።»

የሀጂ ኸድር ቤት የሙላህ ወጥ ሽንኩርትን በዝና ብቻ ያውቀው ጀመር። ሲት አልባናት አንዷን ራስ ሽንኩርት ለአሥር ቀን ትከትፋታለች፤ መጨረሻ ላይ ቢላዋውን ብቻ ድስቱ ላይ ታሳልፋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዋጋ ሲጨምር አልሐምዱሊላህ የምትለው ምን ሆነህ ነው?»

«ታገሺ። ረመዳን ሲገባ ሽንኩርት ላይ ነው የምትተኚው።»

የረመዳን ዋዜማ ሀጂ ኸድር ሽቶ ተቀብተው ጡረታ መክፈያው መስኮት ቀረቡ። ልጅቷ ያችኑ የድሮዋን ቆጥራ ሰጠቻቸው።

«እጥፉስ ልጄ?»

«ዋጋ እጥፍ አልሆነም አባ። ሽንኩርት አራት መቶ ሃያ ነው የተመዘገበው።»

«ዘጠኝ መቶ እኮ ነው። ባለ ደብተሩ ሰውዬአችሁ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሰውዬ የለንም። የምትመዘግበው ሴት ናት፤ እሷም ከወንዙ ማዶ ካለው ገበያ ነው። የእናንተ ገበያ ዝርዝራችን ውስጥ ኖሮ አያውቅም።»

ሀጂ ኸድር ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ገበያ ደረሱ።

ቲጃኒ ደጃፍ የሽንኩርት መኪና ቆሟል፤ ከጋቢናው የወረደው አዲሱ አከፋፋይ ነጭ ጀለቢያውን አራገፈ፣ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ ሀጂ ኸድርንም እንደ ባለውለታው እጅ ነሣቸው።