አስተርጓሚዋ

ሥዩም የሚገርፍበትን ገመድ አሳርፎ ላቡን በክንዱ ይጠርጋል። ሰባኪው ኦቦ ነገራ ወፌ ላላ ታስረው፣ እጃቸው ከጉልበታቸው ጋር ተጠፍሮ፣ በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል በተጋደመ አጣና ላይ ተንጠልጥለዋል። ውስጥ እግራቸው ወደ ጣሪያው ነው። ቆዳው ተልጧል።

«ጠይቂው፣ ጓድ ወርቅቱ። ማነው ለስብከት የላከው? አሜሪካ?»

ሥዩም ኦሮምኛ አይሰማም። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ስለሆንኩ እጠይቃለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ እጽፋለሁ። ዘበኛው ቱፋ ጨርቁን ከአፋቸው ያወጣል።

«የጉደር ገበሬዎች ናቸው የላኩኝ ይላል። ለስንቄ ገብስ አዋጥተው።»

«ሲአይኤ ደግሞ በገብስ መቅጠር ጀመረ?» ሥዩም ይስቃል። ቱፋም ትንሽ ዘግይቶ ይስቃል።

«እሺ። እሁድ እሁድ ስብከቱን ኦሮምኛ ለማይሰሙት የጉደር መምህራን በአማርኛ የምታስተረጉምለት ሴት አለች አሉ። ስሟን ይናገር፣ አሁኑኑ ይፈታል።»

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። አክስቴን ልጠይቅ እያልኩ ከአምቦ ጉደር የምወርደው ለዚህ ነው። ጥያቄውን አንድ ቃል ሳላጎድል ለኦቦ ነገራ እነግራቸዋለሁ።

«አልናገርም ይላል።»

ሥዩም ይገርፋል። እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ከተረከዛቸው የተገነጠለ ቁራጭ ሥጋ መዝገቤ ላይ ያርፋል። በመዳፌ እጠርገዋለሁ፤ ቀለሙና ደሙ ይቀላቀላሉ።

«ኦቦ ነገራ፣ ይንገሩትና ይገላገሉ እንጂ» ይላል ቱፋ በኦሮምኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ኦቦ ነገራ ትንፋሻቸውን ሰብስበው መናገር ይጀምራሉ። ሥዩም ገመዱን ያቆማል።

«ስሟን ነው?»

«አይደለም። እየጸለየ ነው።»

«ተርጉሚዋ፣ እስቲ እንስማት።»

እሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ብለው ቆም ይላሉ፣ እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እሁድ እሁድ የምንሠራው እንዲሁ ነው።

«ጌታ ሆይ፣ የዚህ ሰው ክንድ ደክሟል። ማታ ልጆቹን የሚያቅፈው በዚህ እጁ ነው። እጁን ጠብቅለት። ቱፋንም አስበው፣ ወዶ አይደለም እዚህ የቆመው። እኔ ነገ ለስብከት መሄድ ባልችል፣ በእኔ ፈንታ የሚሄድ ሰው ላክ።»

ዓይኔን ጨፍኜ እንደነበር የማውቀው ስገልጠው ነው። አንገቴን ደፍቼአለሁ። ጣቶቼ እስክሪብቶው ላይ ተቆላልፈዋል። በአምቦ እንዲህ የሚጸልዩት ጴንጤዎቹ ብቻ እንደሆኑ ሥዩምም ያውቃል። ገመዱ ወለሉን ነክቶ ተንጠልጥሏል፤ እኔን ያየኛል።

«ወርቅቱ» ይላል። ጓድ አይለኝም።

መዝገቡን እዘጋለሁ። ማንም ሳያዘኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት እጀምራለሁ።