ከጣሳው በላይ ያለው እፍኝ

ሼፍ ደምለው ሚዛኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። አይበራም፤ ባትሪው አልቋል።

«ዘበኛው ሊገዛ ወጥቷል፤ ጠብቁ» ይለናል። ደብረ ማርቆስ አዲስ የተከፈተው ይህ ሆቴል ለዳቦ ክፍሉ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፤ ለፈተና የቀረብነው ሦስት ነን። ሁለቱ ሰርተፍኬት አላቸው። እኔ ያለኝ ሉማሜ ሻይ ቤት ዳቦ የጋገርኩበት ስድስት ዓመት ነው።

እነሱ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እኔ ከቦርሳዬ የሳልሳ ጣሳዬን አወጣለሁ።

«ወረቀቱ ላይ የዳቦው ልክ የተጻፈው በግራም ነው» ይላል ሼፉ።

«አውቃለሁ። ይቺ ጣሳ በዱቄት ስትሞላ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ግራም ናት። በስኳር ሦስት መቶ ስልሳ። እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አስመዝኛታለሁ።»

«አንድ ጣሳ ሆና እንዴት ሁለት ክብደት?» ሊፈትነኝ ነው።

«ዱቄት አየር ይይዛል ሼፍ። ስኳር ቁጭ ይላል።»

ወረቀቱን ወደ እኔ ይገፋዋል። ዱቄት ዘጠኝ መቶ ግራም፤ አራት ጣሳ። ስኳር መቶ ሰማንያ፤ ግማሽ ጣሳ። ውሃ አምስት መቶ፤ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ውሃ እንኳ ሰው አያስቸግርም። የጣሳዋን አፍ በቢላ ጀርባ እያስተካከልኩ ሳህን ውስጥ እገለብጣለሁ። ባለ ሰርተፍኬቶቹ ያዩኛል። ይዩኝ።

ሊጡ ግን እምቢ ይላል። ባሸሁት ቁጥር ይጠነክራል፣ ይሰነጣጠቃል። በልቤ ደግሜ አሰላለሁ፤ ስሌቴ ልክ ነው። ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ሉማሜ ተመልሼ ምን እላለሁ?

ያኔ ቀኝ እጄን አየዋለሁ። እስከ አንጓው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ግራዬ ላይ ያለው ሊጥ ብቻ። ጣሳ የያዝኩት በግራዬ፣ ቢላውም ንጹሕ፤ ታዲያ ይሄኛው ዱቄት ውስጥ ምን ሲሠራ ነበር?

ያደግሁት ቁይ ገበያ ነው፤ እናቴ ዱቄት ትሸጥ ነበር። ሰፍራ ስትጨርስ አንድ እፍኝ ምርቃት ሳትጨምር ደንበኛ ሸኝታ አታውቅም፤ እኔም በሷ ቦታ ስቀመጥ እንደዚያው። አሁንም በየጣሳው አንድ አንድ እፍኝ መርቄያለሁ። ለማን? ለሳህን! ሉማሜ ሊጡን በእጄ እየዳሰስኩ ውሃ ስለምጨምር ታውቆኝ አያውቅም። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ እኔን አስጨመረኝ።

ውሃ ጠብ አድርጌ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን ዳቦው አልጫ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ እኔ አልወደውም።

«ሼፍ፣ ተሳስቻለሁ። አራት እፍኝ ዱቄት ትርፍ ገብቷል።»

አንዱ ተፈታኝ ይስቃል።

«እፍኜ አርባ ግራም ነው፤ በጠቅላላው መቶ ስልሳ። አንድ ሲኒ ውሃ፣ ሠላሳ ሁለት ግራም ስኳር፣ ጨውና እርሾውንም በልኩ እጨምርበታለሁ።»

«አርባ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እናቴ በምርቃት ስንት እንደምታጣ ልነግራት መዝኜው ነበር። ተቆጣችኝ።»

ሼፉ ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ሊጤን አስተካክዬ ማሸት እጀምራለሁ፤ አሁን ይታዘዘኛል፣ ይለሰልሳል። በዚህ መሃል ዘበኛው ባትሪውን ይዞ ይገባል። ሚዛኑ ይበራል። ሁለቱ ብድግ ይላሉ፤ ሼፉ ግን በእጁ ያስቆማቸውና ሚዛኑ ላይ ባዶ ሳህን ያስቀምጣል።

«እጅሽን ታጠቢና ነይ። እስቲ መርቂ» ይለኛል።

ዱቄቱን እዘግናለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሳህኑን ይገለብጠዋል።

«ድገሚ።» አርባ።

«ድገሚ።» አርባ።

«ስምሽን ማን ነበር ያልሽኝ?»

«የብርጓል።»

እስክርቢቶውን ከኪሱ ያወጣል። የሆቴሉ ወረቀት ላይ፣ ከግራሞቹ ሁሉ ሥር አንድ መስመር ይጽፍና ምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፦ «የብርጓል እፍኝ፣ 40 ግራም።»