እግዜር የማያይበት ዓርብ

ዋይራፓምፓ በምትባል የተራራ መንደር እግዜር በየዓመቱ በስቅለት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይሞታል። የትንሣኤ ደወል እስኪደወል አይነሣም። የሞተ ደግሞ አያይም። ስለዚህ በዚያ መሐል የጎረቤት ዶሮ ማንሣት፣ ከሰው ክምር አንድ ሸክም ማገዶ መውሰድ፣ የሰው ድንች መቆፈር እንደ ኃጢአት አይቆጠርም። የተወሰደበትም ሰው ማን ወሰደብኝ ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ ነውር ነው።

ነገሩ ከዶሮና ከማገዶ አያልፍም ነበር። አምና ግን የዶሚቲላ የእርሻ በሬ ጠፋ።

ዶሚቲላ ባሏ ከሞተ ወዲህ የነበሯት ያ በሬና አንዲት ላም ብቻ ናቸው። በሬው የሄደው ከነገመዱ ነው፤ ባሏ ላማ ከሚባለው የጭነት እንስሳ ጠጉር ገምዶ መሐል ለመሐሉ ቀይ ክር ያስገባበት ገመድ። ዓመቱን ሙሉ ስለ በሬው አንዲት ቃል አልተናገረችም። ዘንድሮ ዓርብ ጠዋት ግን ወደ ኢላርዮ ቤት መጣች።

ኢላርዮ የመንደሩ የበትር ሹም ነው። ጫፏ ላይ የብር መስቀል ያለባትን በትር ይዞ ጠብ ያበርዳል፣ የመስኖ ውሃ ያከፋፍላል፣ በበዓላት ደግሞ መንደሩን በሙሉ ያበላል። ሹመቱ የሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛው እየተገባደደ ነው፤ እሱም አብሮ እየተገባደደ ይመስላል። በጎቹን ድግስ ጨርሶበታል፤ እንቅልፉንም እንዲሁ። የአምናው የፋሲካ ድግስ ግን ዛሬም ይወራል፤ ሥጋው ተትረፍርፎ ነበር። ዶሚቲላ ራሷ ሁለት ጊዜ ተጨምሮላታል። ከመንደሩ ሰው ከድግሱ የቀረው ሊሳንድሮ ብቻ ነው።

«አበልጄ፣» አለችው ዶሚቲላ፤ ልጇን ክርስትና ያነሣላት እሱ ነው። «ላሟ ከሄደች ልጆቼ ወተት የሚባል አይቀምሱም። ይኸን ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው የመጣሁት።»

ኢላርዮ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና፣ ሊሳንድሮን ከዓይኑ እንደማያጠፋው ነገራት።

ዶሚቲላ እሺ ብላ ሄደች።

ሊሳንድሮ ከማዕድን ማውጫ ጉድጓድ ሳል ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። እዚያ ታች ብዙ ነገር እንዳየ፣ እግዜርን ግን እንዳላየ ይናገራል። ለቅሶ ቤት ሌሎቹ ያማትባሉ፤ እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ይቆማል። በሬው በጠፋ ሰሞን ኢላርዮ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ለእኛ እግዜር የሚሞተው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ለሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሙት ነው፣ እጁን ምን ይይዘዋል ብሎ ነበር። ቀልድም ጨመረበት፤ ሊሳንድሮ ቤት ዓርብ ያልሆነ ቀን የለም አለ። የሳቀ ሰው ግን ብዙ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ኢላርዮ ከሌሎቹ ጋር የክርስቶስ ምስል የተኛበትን የአስከሬን ሣጥን ተሸክሞ መንደሩን ዞረ። ሣጥኑ ከአምናው የከበደ መሰለው። ቤቱ ሲገባ ትከሻው ዝሏል። ሚስቱ፣ ፋሲካ ደረሰ እኮ፣ ምን ልናበላቸው ነው አለችው። በትሩን ከበሩ ኋላ አስደገፈ፤ መስቀሉን ወደ ግድግዳው አዞረው። ገመድ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ፖንቾ የሚሉትን ካባውን ከላይ ደረበ። ሰው ቢያገኘው ጥበቃ ላይ ነኝ ይላል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከዶሚቲላ በረት ደረሰ። በረቱ ባዶ ነው።

ዞር ብሎ ወደ ቄሰ ገበዙ በረት ሄደ። በቅሎው የለም። ቀጥሎ ያለውም በረት ባዶ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ጭቃው ላይ ያለው ኮቴ ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ሊሳንድሮ ቤት ይወጣል።

በሊሳንድሮ በረት ውስጥ የመንደሩ ከብት በሙሉ ተፋፍጎ ቆሟል። የዶሚቲላ ላም ከመሐል ታመሰኳለች። ሊሳንድሮ በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የኮካ ቅጠል ያኝካል።

«ጠራርገህ ወሰድከው ሁሉንም፣» አለ ኢላርዮ።

«እኔ ከዚች ድንጋይ አልተነሣሁም፣ ዶን ኢላርዮ። ባለቤቶቹ ናቸው ነድተው ያመጡልኝ። መጀመሪያ ዶሚቲላ መጣች። እሷን ያየ ሁሉ ተከተለ። ቄሰ ገበዙ እንኳ በጓሮ ዞሮ መጣ፤ ለማንም አትንገር ብሎኛል።»

«ላንተ? እግዜር የለም ለምትል ሰው?»

ሊሳንድሮ ሳለ። ሳሉ እስኪለቀው ኢላርዮ ቆሞ ጠበቀ።

«እኔም ዶሚቲላን እንደዚያው አልኳት። ምን አለችኝ መሰለዎ? ‹አንተን ትናንትም የሚያይህ አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ትናንት ካልሰረቅህ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?› ምን ልመልስላት? ደክሞኝም ነበር፤ እሺ አልኳት።»

ከታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ የሴቶቹ የሐዘን ዜማ ይሰማል። ላሟ ጭራዋን አወናጨፈች።

«ከማን ነው የሚደብቁት?» አለ ኢላርዮ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሌባው ማን ነው ይላሉ?»

«አይሉም። መጠየቅ ነውር አይደል?»

ነፋስ ተነሣና የኢላርዮን ፖንቾ ገለጥ አደረገው። ሊሳንድሮ ወገቡ ላይ ያለውን ገመድና ቀዩን ክር አየ። ቀስ ብሎ ከድንጋዩ ተነሣና እጁን ዘረጋ።

«ገመዱን ግን እዚህ ይተዉት፣ ዶን ኢላርዮ፤ ባሏ የገመደው ነውና ላሟን ልትወስድ ስትመጣ እሰጣታለሁ።»