ከዳገቱ ወገብ ላይ

«ቁጭ በል» አለች ኦርኔላ፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

ባሏ ኮዚሞ አልተቀመጠም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ እጁን ግድግዳው ላይ እያሳረፈ መውጣቱን ቀጠለ። ከቦሎኛ ከተማ እስከ ኮረብታው ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቅስት የተሸፈነ ነው፤ ጥላ አለው፣ ነፋስ ግን የለውም። የነሐሴ ሙቀት አብሯቸው ዳገቱን ይወጣል።

«አባዬ፣ የጎብኚዎቹ ትንሽ ባቡር እኮ እስከ ደጃፉ ታደርሰን ነበር» አለች ኖኤሚ ከኋላ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸው ናት፤ የውሃውን ጠርሙስ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ባቡር ለሽማግሌ ነው።»

«አንተስ ምንድን ነህ?»

«እኔማ ወታደር ነኝ!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ ላይ ትንፋሽ አጠረው። በወጣትነቱ ለውትድርና እዚህ ከተማ አንድ ዓመት ቆይቷል። ያኔ ይህን ዳገት በሩጫ ይወጣው እንደነበር ከሚኖሩበት ከታራንቶ ከተነሡ ጀምሮ ሲያወራ ሦስት ቀኑ ነው።

ኦርኔላ ሳቁን አልሰማችም። የሰማችው ትንፋሹን ነው። ከአሥር ወር በፊት ሐኪሞች ደረቱን ከፍተው ልቡን ከጠገኑለት ወዲህ ለሌላ ነገር የሚሆን ጆሮ አልተረፋትም። ሌሊት ትንፋሹ ሲቀየር ትነቃለች። ሳይቀየርም ትነቃለች፣ ለምን እንዳልተቀየረ ልታጣራ። ትናንት ሙዚየሙ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የጣሪያውን ሥዕል ሲያይ፣ እሷ የምታየው የባሏን ደረት ነበር፤ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል።

አንዲት አሮጊት የገበያ ከረጢት አንጠልጥለው ቁልቁል ወረዱ። «በርቱ ልጆቼ! እኔ ሰማንያ ሁለት ዓመቴን ተሸክሜ በየሳምንቱ ነው የምወጣት» አሉ ሳይቆሙ።

«ሰማሽ?» አለ ኮዚሞ።

«እሳቸውን ደረታቸውን የከፈታቸው የለም።»

ኮዚሞ ዞረ። «ሞቻለሁ እንዴ፣ ኦርኔላ? ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ ኪኒንህን ዋጥ፣ አትሳቅ! እንደ እንቁላል ተሸከምሽኝ እኮ። ሚስትነትሽ ቀርቶ ዘበኛ ሆንሽብኝ!»

ኖኤሚ ስልኳ ላይ አቀረቀረች።

ኦርኔላ መልስ ነበራት፤ አሥር ወር ሙሉ ያጠራቀመችው። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «ደከመኝ» አለችና ግድግዳውን ተጠግቶ በተሠራው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጠች።

«ዳገቱ ነው፣ ትንሽ ስናርፍ...»

«ዳገቱ አይደለም። አንተ ነህ። አንተን መጠበቅ ደከመኝ።»

እንዲህ ብላ አታውቅም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አሥራ አንድ ሌሊት ወንበር ላይ ስታድር አላለችውም። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራዋን በግማሽ ቀን ስታደርገውም፣ ጎረቤት «እንዴት ነሽ?» ሲላት «እሱ ደህና ነው» ብላ ስትመልስም አላለችውም። አሁን፣ ልጅቷ ፊት፣ አለችው። አንድ ሯጭ በመካከላቸው አልፎ ወጣ።

ኮዚሞ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«አትጎንበስ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅስ የኖረው ወፍራም ጣቱ ከጫማዋ ማሰሪያ ጋር ብዙ ታገለ። ጫማው ሲወልቅ ካልሲው ተረከዟ ላይ ተጣብቋል፤ ደሙ ደርቆበታል።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት። የከተማውን ረጅም ግንብ ከወጣን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር።

ከኖኤሚ ውሃ ተቀብሎ ተረከዟን አጠበ፣ በመሐረቡ አሰረው። ኪኒኑን፣ የደም ግፊት መለኪያውን፣ የሐኪም ወረቀቱን ሁሉ የያዘውን ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዶ ራስጌዋ አደረገላት።

«ጋደም በይ።»

«ሰው እያለፈ?»

«ይለፋ! ለዕረፍት አይደል የመጣነው? አንድ ሰዓት ተኚ። እኔም አንድ ሰዓት ለራሴ ልተንፍስ፤ አንቺ አትስሚኝ።»

እምቢ ልትል ነበር። ድንጋዩ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ወገቧም ሳያማክራት ተዘረጋ። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ከፈተች። የፌንጣ ጩኸት፣ ከታች የሚያልፍ ሞተር ሳይክል፣ አባትና ልጅ በሹክሹክታ ሲከራከሩ። ትንፋሹን ከመካከላቸው ስትፈልግ፣ ሳታገኘው እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ፀሐይ ቦታዋን ቀይራለች። ኖኤሚ ብቻዋን አጠገቧ ተቀምጣለች።

«አባትሽስ?»

«ወጣ።»

«ብቻውን?»

«ልከተልህ ብለው፣ እናትሽን ማን ይጠብቃታል አለኝ።»

ኦርኔላ በባዶ እግሯ ተነሥታ ቆመች። ወደ ላይ አየች። ቅስት ከቅስት ኋላ፣ ጥላና ብርሃን፤ ሰው የለም። ኖኤሚ ስልኳን ዘረጋችላት፤ «አሁን የላከው ነው።»

ፎቶው ከኮረብታው አናት የተነሣ ነው፤ ዛፎች፣ ከሩቅ ቀያይ ጣሪያዎች። ግማሹን ጣቱ ሸፍኖታል። ከሥር፣ ሣሩ ላይ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያሳረፈ የሰው ጥላ ወድቋል።

«ልደውልለት? ምን ልበለው?»

ቀስ ብለህ ውረድ በይው ልትል ነበር። ውሃ ጠጣ በይው። ጥላውን ትንሽ አይታ ስልኩን መለሰች። ተመልሳ መደቡ ላይ ወጣች፣ ራሷን የልጇ ጭን ላይ አሳረፈች።

«ሲመጣ ቀስቅሺኝ» አለች።