የእንጆሪ ጾም

በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት፣ የግብርና ባለሙያው አንዲት ሴትዮ ከጓሮዋ የለቀመችውን እንጆሪ ጨው ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነጫጭ ትሎች ከየፍሬው እየወጡ ይርመሰመሱ ጀመር።

«ዝንቧ ናት እንቁላሏን ፍሬው ውስጥ የምትጥለው፤ በጣም የበሰለውን ደግሞ ትወዳለች» አላት። «እትዬ፣ ሳይለሰልስ ይልቀሙት። የወደቀውንም በላስቲክ ቋጥረው ፀሐይ ያስመቱት።»

እሷ ግን ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበር። ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ጾም ውላ መጀመሪያ የምትቀምሰው እንጆሪ ነው። ትሎቹ ያሉበትን ሳህን እንደያዘች ወደ ንስሐ አባቷ ሮጠች።

«አባ፣ ለካ ሥጋ ስበላ ነው የከረምኩት!»

ቄሱ ሳህኑን አይተው አማተቡ። «ወለተ ኪሮስ! በዐቢይ ጾም? ከፍተሽ ሳታይ ትበያለሽ? መቶ ስግደት ስገጂ!»

«እሰግዳለሁ አባ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እኔስ ጠንካራ ጠንካራውን ነው የበላሁት። ለእርስዎ ግን ጥርስዎን እንዳያምዎት ብዬ፣ በየቀኑ የምልክልዎ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጥኩ ነበር።»

ቄሱ ሳህኑን ደግመው አዩት። ከዚያ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ነጠላቸውን ማጣፋት ጀመሩ።

«ስንት ነበር ያልኩሽ?»

«መቶ።»

«ይበዛል፤ ሃምሳ ሃምሳ እናድርገው።»